የባዳ በጠጥ

ስምንት ዓመቴ ላይ አንድ ሙያ ነበረኝ። ወንዱን እንሹ ከተሸሸገበት ቁጥቋጦ አስወጥቼ ወጥመድ ውስጥ ማስገባት እችል ነበር። እኩዮቼ ውሃ ሲቀዱና ወፍ ከማሽላ ላይ ሲያባርሩ፣ እኔ በእጄ በጠጥ ይዤ እዞር ነበር። እኮራበትም ነበር። አሁን ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ አራት ልጆች ወልጃለሁ፤ ስለዚያ ሙያ ለአንዳቸውም ተናግሬ አላውቅም።

እንሹን ላላየ ሰው፣ ከድኩላና ከሚዳቋ ወገን ሆኖ ቁመቱ ከጥንቸል ብዙም አይበልጥም። እግሩ ቀጭን፣ ዓይኑ ትልቅ ነው። ወንዱ አውራ ጣት የሚያህሉ ሁለት ቀንዶች አሉት። ባልና ሚስት ሆኖ ነው የሚኖረው። ሰው ሲመጣ ግራሩ ሥር ድርቅ ብሎ ይቆማል፤ አጠገቡ ብታልፍ እንኳ አታየውም።

ያስተማረኝ ጋሼ ሙሄ ነው። ጋሼ ሙሄ የአባቴ የልብ ጓደኛ ነበር። አንድ ሼህ ዘንድ አብረው ቁርዓን ተምረዋል፣ ባንድ ሰሞን ሚስት አግብተዋል። የእሱ ሚስት በወሊድ ከሞተችበት ወዲህ ምሳውን የሚበላው ከእኛ ቤት ነበር። በአገራችን ልጅ ትልቅ ሰውን አንቱ ይላል። እሱ ግን ገና ድሮ፣ "እኔን አንተ በይኝ፣ ጓደኞች አይደለንም እንዴ?" ብሎኝ ነበር። ከመንደሩ ልጆች ሁሉ ትልቅ ሰው አንተ የምል እኔ ብቻ ነበርኩ። ለዚህች አንዲት ነገር ስል የጠየቀኝን ሁሉ አደርግለት ነበር።

በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ያ ጦርነት በኦጋዴን ሲነድ፣ አባቴ ቤት አልነበረም። "አሰብ ወደብ ሥራ አግኝቶ ሄዷል" ብላኛለች እናቴ። እኔም አሰብን አንድ ትልቅ የውሃ ጋን አድርጌ አስበው ነበር፤ አባቴ ከጋኑ አፍ ላይ ቆሞ መርከቦቹን ሲያወጣ ይታየኝ ነበር።

አባቴ አሰብ አልሄደም። ለሚሊሺያ ተመልምሎ፣ ከማሠልጠኛው ጠፍቶ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ካለው ጋራ ላይ ቁልቋሉ መካከል ተደብቆ ነበር። የተያዘ ከዳተኛ በዚያን ጊዜ አይፈረድበትም፣ ይረሸናል። ከዚያ ጋራ ላይ ግቢያችን ወለል ብሎ ይታያል። ሰባት ወር ሙሉ እኔ ስጫወት፣ እናቴ ስትወቅጥ ያየን ነበር። እናቴ በሳምንት ሁለት ጊዜ እንጨት ለቀማ ስትወጣ በነጠላዋ ሥር ቂጣ ትይዛለች። ቂጣው ለራሷ ይመስለኝ ነበር። ሆዳም አድርጌያት ነበር።

አደን የምንወጣው ከሮቢ ወንዝ ማዶ ነው። ጋሼ ሙሄ ቀድሞ፣ እኔ የኮቴውን ምልክት እየረገጥኩ ከኋላው። አንድ ቀን ከግራር ሥር ተንበርክኮ ጠራኝ። መሬቱ ተጭሯል፤ ከጭረቱ ላይ እንደ ጥቁር አዝሙድ የደቀቀ በጠጥ ተከምሯል።

"ይኸ ድንበሩ ነው" አለኝ በሹክሹክታ። "ዕለት ዕለት እየመጣ ይጭርና እዚችው ላይ ይጥላል። 'ይኸ ቤት ባለቤት አለው' ማለቱ ነው። እኛ ደግሞ አሁን ጎረቤት እንልክበታለን።"

ከከረጢቱ የወተት ዱቄት ጣሳ አወጣ። ውስጡ ከሌላ ሰፈር የተለቀመ፣ የሌላ ወንድ እንሹ በጠጥ ነበር። "የባዳ በጠጥ" ይለዋል። ከእንጨት ጫፍ ላይ በታሰረ ደረቅ ኮቴ መሬቱን ጫር ጫር አደረገ፤ ከባለቤቱ ክምር ላይ የባዳውን በተነበት፤ ከትንሽ ብልቃጥም ሽንት ጠብ ጠብ አደረገበት። ሽታው አፍንጫ ይቆርጣል። ከዚያ ከጎኑ የገመድ ወጥመዱን ዘርግቶ አፈር አለበሰው።

"ጨው ብታስቀምጪለት አይመጣም" አለኝ። "ውሃ ብታስቀምጪለት ሲጠማ ይውላል እንጂ አይመጣም። ይኸን ካሸተተ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየው ይመጣል።"

"ለምን?"

"ሚስት አለችዋ!"

እውነትም መጣ። ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ እኛ ቆንጥሩ ውስጥ ተጋድመን፣ አንገቱን አስግጎ፣ አንድ እግሩን እያነሳ ሌላውን እየጣለ መጣ። ወዲያ ወዲህ አላየም። አፍንጫውን በጠጡ ላይ ደፋ፤ ከዚያ በቁጣ ይጭር ጀመር። በሦስተኛው ጭረት ገመዱ እግሩን ያዘው። የጮኸው ጩኸት የሕፃን ልጅ ነበር። ጋሼ ሙሄ ዘሎ ወጥቶ በጉልበቱ ተጫነው፤ ቢስሚላህ ብሎ አረደው።

ሴቲቱ ራቅ ብላ ቆማ በአፍንጫዋ ታፏጭ ነበር። አልሸሸችም።

"እሷንስ?" አልኩት።

"ተያት። ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ባል ይመጣላታል፤ ያንንም እንይዘዋለን። እሷን የያዝሽ ለት አደኑ አለቀ።"

ሳቅሁ። ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት። ያ ሳቅ አሁንም አንዳንድ ቀን ትዝ ሲለኝ ፊቴን በእጄ እሸፍናለሁ።

በዚያው ዓመት ጋሼ ሙሄ አብዮት ጥበቃ ሆነና ጠመንጃ ያዘ። ጠመንጃው አምሮበታል ብዬ ነበር። ማሽላው ሊያሽት ሲል አንድ ቀን ከምሽቱ በፊት መጥቶ ከአጥራችን በር ላይ ከእናቴ ጋር ቆሙ። እኔ ከጎተራው ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ፤ የሚሰማኝ ግን ግማሹ ነው።

"እባክሽ ሙሀባ፣ ነፍሴን ነው የምለምንሽ" ይላል። "እስከ ጁምዓ ነው የሰጡኝ።"

እናቴ ዝቅ ብላ አንድ ነገር መለሰችለት።

"አንቺ ከጠራሽው እኮ ይመጣል። ሌላ ማንም ቢጠራው አይመጣም።"

"አፌ ይቆረጥ!" አለች እናቴ፤ ይቺን በደንብ ሰማኋት። "ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ።"

ዘወር ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። እኔ ጋሼ ሙሄ ሊያገባት ጠይቋት እምቢ ያለችው መሰለኝ። ተናደድኩባት። አሰብ ሄዶ ከቀረ አባት፣ አንተ የምለው ጋሼ ሙሄ ይሻለኝ ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በዚያች ሌሊት ልቧን እንዲያራራልኝ ዱዓ አድርጌያለሁ። እሱ ግን የለመናት ጋብቻ አልነበረም። ጓደኛውን በአምስት ቀን ውስጥ ካላስያዘ በእሱ ምትክ ወደ ጦርነቱ እንደሚጭኑት ተነግሮት ነበር።

በማግሥቱ እናቴ ከመንደሩ ሴቶች ጋር በጋራ እርሻው ላይ አረም እንድትውል ታዘዘች። ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ቤት የለችም፤ እንጨት ለቀማም ቀረ። ትእዛዙን ያስወጣው ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። እሷ እንደወጣች ጋሼ ሙሄ በጓሮ በኩል መጣ። አዲስ ቀይና ነጭ ጥለት ያለው ሽርጥና አንድ ጥንድ በረባሶ ጫማ ይዟል።

"ጠይባ፣ ሌባ ገብቷል አገሩን" አለኝ። "ወንድ የሌለበትን ቤት እየለየ ነው የሚመታ። ይኸን ሽርጥ በጋራው በኩል ካለው አጥር ላይ ስቀይው። ጫማውን ከደጃፉ። እናትሽ ከመምጣቷ በፊት ደግሞ አንሺው፤ ሌባ መኖሩን ከሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም።"

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። "እንደ ባዳ በጠጥ ነዋ!" አልኩት።

ጋሼ ሙሄ ሽርጡን እጄ ላይ አስቀመጠው። "አዎ" አለ ኋላ። "ያኛው ይጠራል፣ ይኸኛው ያባርራል። ሰው ከጠየቀሽ የጋሼ ሙሄ ነው በዪ። ስሜን ሲሰማ ይፈራል።"

ሙያዬ ስለነበር በታዘዝኩት ብቻ አልቆምኩም። ደረቅ ሽርጥ የሰው አይመስልም ብዬ በየጠዋቱ እየነከርኩ ሰቀልኩት። ጫማውን አፍንጫውን ወደ ቤት አዞርኩት፤ ሰው የገባ እንጂ የወጣ እንዳይመስል። ወንድ ለሶላት ታጥቦ ዉዱእ ያደረገ እንዲመስል ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ውሃ ደፋሁ። የአባቴን ሙሰብሐ፣ ያንን ጥቁር መቁጠሪያ፣ ከሽርጡ ጎን አንጠለጠልኩት። ጋሼ ሙሄ ይኸን ሁሉ አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

"ከኔ በለጥሽ" አለኝ።

በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ያስደሰተኝ ምስጋና የለም። ሁለት ቀን እሱም በጠዋት እየመጣ ከግቢያችን መካከል፣ ፊቱን ወደ ጋራው አድርጎ፣ ሸሚዙን አውልቆ አጥር ሲያጥር አረፈደ። ጋራውን ቀና ብሎ አላየውም። አዳኝ ወደሚጠብቀው ነገር አያይም፤ ይኸንንም ያስተማረኝ እሱ ነው።

በአራተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ሊመሽ ሳይሆን ገና ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ አንድ ሰው በጓሮ አጥር ሾልኮ ገባ። አጥንቱ የወጣ፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ ራሱን በቡቱቶ የጠመጠመ። በእጁ ዱላ ይዟል። ሌባው መሆኑን አወቅሁ። ፈራሁ፤ ግን ምን እንደምል አውቅ ነበር።

ሽርጡን በዱላው ጫፍ ነካ አደረገው። "የማን ነው?" አለኝ፤ ድምፁ የታፈነ ነው።

"የጋሼ ሙሄ ነው!" አልኩት ጮክ ብዬ። "እዚሁ ነው የሚኖረው! አሁን ይመጣል!"

"እዚሁ?"

"አዎ! ማታ ማታም እዚሁ ነው!" ይኸን ማንም አላስጠናኝም። ሌባው የበለጠ እንዲፈራ ብዬ ከራሴ ጨመርኩት።

የሰውዬው ዱላ ከእጁ ወደቀ። "ጠይባ" አለኝ። ስሜን ሲጠራው ነው ያወቅሁት።

ገና አፌን ሳልከፍት እናቴ ከአረም ተመልሳ በበሩ ገባች። ሲያያት ተንደረደረና በጥፊ መታት። ጭቃ በጭቃ እንደሆነች መሬት ላይ ወደቀች።

"አብዱረዛቅ! ምን ሆነህ መጣህ? ሂድ፣ ይይዙሃል!" ትላለች። ስለ ጥፊው አልጠየቀችም።

"አራት ቀን ሙሉ ከዚያ ሆኜ አየሁ" አላት። "አራት ቀን ምግብ እጠብቃለሁ፤ አንቺ የሰው ሽርጥ ታሰጫለሽ።"

"የምን ሽርጥ?" ዘወር ስትል ያን ጊዜ ገና አየችው።

ሌላ ነገር ለመናገር ጊዜ አላገኘችም። ከጎረቤት የአገዳ ክምር ጀርባ አራት ሰዎች ወጡ። የፊተኛው ጋሼ ሙሄ ነበር። አባቴን ጣሉትና ጋሼ ሙሄ በጉልበቱ ተጫነው። እኔ ስህተት የተፈጠረ መስሎኝ እየሮጥኩ ሄጄ እጅጌውን ጎተትኩት።

"ጋሼ ሙሄ፣ ልቀቀው! አባቴ ነው እኮ! ሌባው አይደለም!"

"አውቃለሁ" አለኝ። እጁን ከሚያስርበት ገመድ ላይ አላነሳም።

አባቴን በገበሬ ማኅበሩ የእህል መጋዘን ውስጥ አሰሩት። ቆርቆሮ ቤት ነው፤ በዚያ ሙቀት ውስጡ ምን እንደሚመስል አስቡት። እናቴ ጁምዓ ጠዋት እንጀራና ወጥ ይዛ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ከበሩ ላይ ታደሰ የሚባል ወጣት ጠባቂ ነበር። ሳህኑን ይዞ ገባና እንዳለ ይዞት ወጣ።

"እትዬ፣ ከእሷ እጅ አልበላም ብሏል" አላት፤ መሬት መሬት እያየ። "ምሳም ይዘው ቢመጡ ያው ነው።"

ምሳም ይዛ ሄደች። ያው ነበር።

ያን ዕለት ማታ እናቴ ከፊቴ ተቀመጠችና ትከሻዬን ይዛ፣ "ሽርጡን ማን ሰቀለው?" አለችኝ። አልዋሸሁም። ጫማውንም፣ ውሃውንም፣ መቁጠሪያውንም ነገርኳት። ማታ ማታም እዚህ ነው ማለቴንም ነገርኳት። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልመታችኝም። እጇን ከትከሻዬ ላይ አንስታ በነጠላዋ ጠረገችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ በፈቃዷ አልነካችኝም።

"ነገ ሄደሽ ራስሽ ትነግሪዋለሽ" አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ውስጥ አላስገባ አሉኝ። በጀርባ ዞሬ አፌን ከቆርቆሮው ላይ አድርጌ ጮህኩ። "አባዬ! እኔ ነኝ የሰቀልኩት! እማዬ አላየችም! ሌባ መስሎኝ ነው የዋሸሁት!" ከውስጥ ድምፅ አልመጣም። ተቆጥቶኝ ነው ብዬ ደጋግሜ ጮህኩ። ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ።

ያን ጊዜ መጋዘኑ ውስጥ ከማሽላ በቀር ምንም አልነበረም። አባቴን ጎሕ ሲቀድ አውጥተው ወንዙ ዳር ረሽነውት ነበር። ይኸን የነገረኝ ያው ታደሰ ነው፤ ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ፣ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ላይ አግኝቶኝ፣ ያልጠየቅሁትን። "ስትጮኺ ሰምቼሻለሁ፤ ላቋርጥሽ ፈራሁ" አለኝ።

እኔ ከመጋዘኑ ስመለስ እናቴ አንዲቱን ዶሮዋን ይዛ ሼህ አብዱረሂምን አሳርዳለች። ወጡን ስትሠራ ለራሷ እንደምትነግር ሰው ታወራ ነበር።

"ጠባቂዎቹ የላይ አገር ክርስቲያኖች ናቸው። እኛ ያረድነውን አይበሉም። ዶሮው ባዶ ሳህን ሆኖ ከተመለሰ የበላው እሱ ነው። ከበላልኝ አምኖኛል ማለት ነው።"

ትክክል አስባለች። የታረደ ነገር በእኛ አገር እንዲህ ነው፤ ክርስቲያን የእስላም ሥጋ፣ እስላምም የክርስቲያን ሥጋ ቢርበው አይነካም። የሳተችው አንዲት ነገር ናት፤ ጓደኛውን ከዚያ በር ላይ ያቆሙታል ብላ አላሰበችም።

ምሳውን እኔ ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ ጋሼ ሙሄ ነበር። አላየኝም፤ እጁን ዘርግቶ ሳህኑን ተቀበለኝና ወደ ውስጥ ገባ። ብዙ ቆየ። በቆርቆሮው ስንጥቅ አጮለቅሁ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ከማሽላ ጆንያ ላይ ተቀምጧል፤ ክንዱ ከሳህኑ ወደ አፉ ይመላለሳል። ከእሱ ወዲያ ያለው ጨለማ ነው። አባቴ ከዚያ ጨለማ ውስጥ ከፊት ለፊቱ ተቀምጦ፣ እንደ ድሮው ከአንድ ሳህን የሚበሉ መሰለኝ። ታርቀዋል ብዬ ደስ አለኝ።

ሲወጣ ጢሙ ቅባት ነበር። ባዶውን ሳህን ሰጠኝ። "በልቷል በያት" አለኝ።

እስከ ቤት ሮጥኩ። "በላ! እማዬ፣ በላ!" እናቴ ሳህኑን ተቀብላ ፊቷ ላይ አስጠጋችው። ከዚያ ተንበርክካ ግንባሯን መሬት ላይ ደፋች፤ አልሐምዱሊላህ አለች። እሁድ ጠዋት "ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ" ተባለች። አለቀሰች፤ ግን እንደተበደለች ሴት አላለቀሰችም። ባሏ ከእጇ በልቶ ነበር የሞተው።

ታደሰ እውነቱን የነገረኝ ለት ወደ ቤት ስገባ ልነግራት አስቤ ነበር። እሷ ግን በዚያ ሳህን ላይ አሥራ ስድስት ዓመት ቆማለች። አላገባችም። መንደሩ የሙሄ ውሽማ ሲላት ራሷን ቀና አድርጋ ታልፋለች። ለሙሄ እንኳ ይቅር ብላዋለች። "ሌላውን ሁሉ ቢያደርግም ምግቡን አድርሶልኛል" ትላለች። በየአረፋው ከእርዷ ቀንሳ ሳህን ታስይዘኛለች፤ "ለሙሄ አድርሺ" ብላ።

ሙሄ ዘምቶ አያውቅም። አሁን ሽማግሌ ነው፤ መስጊድ የፊተኛው ሰልፍ ላይ ይሰግዳል። እናቴ ልትሞት ባለችበት ዓመት፣ በአረፋ፣ ሳህኑን ይዤ ሄድኩና ከፊቱ ቆምኩ።

"ያን ቀን በስንጥቁ አይቼሃለሁ" አልኩት። አንተ ማለቱን አልተውኩም ነበር። "ከፊትህ ማንም አልነበረም።"

ቀና ብሎ አየኝ። አልደነገጠም። "አውቃለሁ" አለኝ። "ጥላሽ የስንጥቁን ብርሃን ጋርዶት ነበር።"

"ለምን በላህ?"

"እርቦኝ ነበር" አለ። ሳህኑን ከእጄ ተቀብሎም፣ "ንገሪያት እንግዲያ። ቤቷ ቅርብ ነው፤ አሁኑኑ ሄደሽ ንገሪያት" አለኝ።

እንደማልነግራት ያውቅ ነበር። ቢስሚላህ ብሎ እየተረጋጋ በላ። እኔ እስኪጨርስ ቆሜ ጠበቅሁት፤ ከዚያ ሳህኑን ይዤ ተመለስኩ። እናቴ ዓይኗ ማየት አቁሞ ነበር፤ ሳህኑን በጣቷ ዳበሰችው።

"በላ?" አለችኝ።

"በላ፣ እማዬ።"

"ምንም አላስቀረም?"

"ምንም አላስቀረም" አልኳት።